የገጹ ጀርባ

እትዬ መዝገብ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። በልደት መዝገብ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ከመቀመጣቸው የተነሣ ባልደረቦቻቸው ያወጡላቸው ነው፤ እሳቸውም ወደዱት። የተወለዱበትን ዓመት ብቻ ይንገሯቸው እንጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥራዙንና መደርደሪያውን ይጠሩልዎታል።

የዚያ ክፍል ሕግ አንድ ነበር፦ የገጽ ፊት አይሰረዝም፣ አይደለዝም። እርማት ካለ ጀርባው ላይ ይጻፋል፣ ባለጉዳዩ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታበታል። ሁሉም ስለሚያውቀው፣ ይህ ሕግ ራሱ ተጽፎ ይቀመጥ ያለ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ወረቀቱን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡት ባለሙያዎች ስካነራቸውን ተሸክመው ሲመጡ እሳቸውን ማን ይጠይቅ! "እትዬ፣ እርስዎ ይረፉ" ተባሉና የተጠራቀመ የዓመት ፈቃዳቸውን እንዲወስዱ ተደረገ። ባለሙያዎቹ በሁለት ወር ሁለት መቶ ሺህ ገጽ አነሡ። ፊት ፊቱን ብቻ! የክፍሉ ኃላፊ አጨበጨበ፣ ጥራዞቹም በጆንያ ታጭቀው ወደ ወረቀት ፋብሪካ ተጫኑ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እነዚህ ግን የሚለቀም እንኳ አላስቀሩም።

እትዬ መዝገብ ከፈቃድ በተመለሱ በሁለተኛው ቀን አንዲት ልብስ ሰፊ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ለትምህርት ቤት ምዝገባ የልደት ማስረጃ አስፈልጓታል። ኮምፒውተሩ ግን የአባት ስም በሚለው ቦታ "ያልታወቀ" ይላል።

"እንዴት ያልታወቀ?" አለች እናትየው። "ስድስት ዓመቷ ላይ አባቷ እዚሁ መጥቶ ልጄ ናት ብሎ ፈርሟል እኮ! እርስዎ ነዎት የጻፉት፣ እትዬ። በወሩ ሞተ።"

እትዬ መዝገብ አስታወሱ። ሰውየው ታሞ ስለነበር ግድግዳ ተደግፎ ነው የቆመው። ደማቸው ፈላ፤ ኃላፊው ቢሮ ሳያንኳኩ ገቡ።

"የዚች ልጅ አባት የፈረመበትን ጀርባ ለምን አላነሣችሁትም?"

"ይረጋጉ እትዬ። እኛ የምናየው ሲስተሙ ላይ ያለውን ነው። አባትየው በአካል ቀርበው ያመልክቱ።"

"የሞተ ሰው?"

"እንግዲህ ሌላ ማስረጃ ካለ ያምጡ..."

"ማስረጃውን አንተ አይደለህ በጆንያ የጫንከው? ዓይንህን በጨው አጥበህ አምጡ ትላለህ? የስንቱን ልጅ አባት ነው ያስፈጨኸው?"

ስልክ ተደወለ። ጆንያዎቹ ባለፈው ሳምንት ተፈጭተዋል የሚል መልስ ከፋብሪካው መጣ። እትዬ መዝገብ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። ምስክርነቴን በጽሑፍ እሰጣለሁ፣ ፍርድ ቤት ድረስም እሄዳለሁ አሉ። ኃላፊው "መብትዎ ነው" ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ኮሪደሩ ላይ ልጅቷ ጠጋ አለቻቸው። ስለ ምዝገባው አንድም ነገር አላነሣችም።

"እትዬ፣ ፊርማው ምን ይመስል ነበር? ቤታችን የሱ ጽሑፍ የሚባል የለም።"

እትዬ መዝገብ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ጥራዙን ያውቁታል፣ መደርደሪያውን ያውቁታል፣ ገጹንም ያውቁታል። ፊርማውን ግን፣ ወረቀቱ መቼም አለ ብለው፣ አስተውለው አላዩትም ነበር።