ከቦኖው በታች

ነቀምቴ በተመደብኩበት የመጀመሪያ ዓመት በውሃ አገልግሎቱ ቢሮ ሴት ባለሙያ እኔ ብቻ ነበርኩ። ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ስለነበር ያየሁትን ሁሉ እለካ ነበር። ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበኝ የአንድ ቀበሌ ቦኖ ነው። የሰፈሩ ሴቶች እንስራም ሆነ ጀሪካን ሁለት ጊዜ ሳያለቀልቁ አይሞሉም፤ ያለቀለቁበትንም ውሃ መሬት ላይ ይደፉታል። ሦስት ቀን በባልዲ ስለካ ሰነበትኩና «የሚባክን ውሃ» የሚል አጭር ጥናት ጻፍኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ የተደፋውን ውሃ በድንጋይ ቦይ ወደ ሴቶች ማኅበሩ የጎመን ማሳ መውሰድ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አንብቦ ሲጨርስ ተነሥቶ ጨበጠኝ። ቦዩ በዘመቻ ተሠራ፤ ሪፖርቱም ወደ አውራጃው ሄደ።

በማግስቱ ከቦኖው በታች የሚኖሩ አንዲት ልብስ አጣቢ አሮጊት የቢሮዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ውሃዬን የወሰድሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«እማማ፣ ዝም ብሎ የሚፈሰውን እንጂ የማንንም አልወሰድንም።»

«የት ነው ዝም ብሎ የሚፈሰው? እስኪ ነይ አሳይኝ!»

ተከትያቸው ወረድኩ። ከጎጆአቸው ደጅ እስከ አፉ የተቀበረ፣ ጆንያ የተወጠረበት ግማሽ በርሜል አለ። የእንስራው እጣቢ እየተጣራ የሚጠራቀመው እዚያ ነበር። በእሱ የመምህራንና የሆስፒታል ሠራተኞች ልብስ ያጥባሉ፤ የሚተርፈውን ሳሙናማ ውሃ ደግሞ ጎረቤት ለግድግዳ ጭቃ ማቡኪያ ይወስደዋል። አሁን በርሜሉ ደርቋል። እኔ ስለካ ከመንገዱ ጠርዝ አልፌ አንድ እርምጃ አልወረድኩም ነበር።

«ወንዝ ውረጂ ይሉኛል። ይህ ጉልበቴ ወርዶ ለመመለሱ ማን ዋስ ይሆናል?»

ከላይ ወረፋ ከያዙት ሴቶች አንዷ «አዴ፣ እናቴ፣ እሷን ምን ታደርጊያታለሽ! የተማረችው ሽቅብ ስለሚፈስ ውሃ ነው» ብላ ሁሉንም አሳቀች። አሮጊቷ ግን አልሳቁም።

«እርስዎ ወንዝ አይውረዱ፤ እጽፍልዎታለሁ» አልኳቸው።

በዚያኑ ዕለት ውሃው ለማሳውም ለበርሜሉም እንዲከፋፈል ሊቀ መንበሩን ጠየቅኩት።

«ጓዲት፣ ይባክናል ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። አይባክንም ነበር ካልሽ ‹ተሳስቻለሁ› ብለሽ ፈርሚ፤ እኔ ለአውራጃው አስተላልፋለሁ።» እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋው።

በዚያ የደርግ ዘመን የተሳሳተ ሪፖርት አሻጥር ተብሎ ሊነበብ እንደሚችል ሁለታችንም እናውቃለን። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ።

አሰብኩበትም። በመጀመሪያው ረቂቅ «ተሳስቻለሁ» የሚለው ቃል ነበረበት። በሁለተኛው «አልተሟላም» ሆነ። በመጨረሻ ያስገባሁት «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ይላል፤ ሊቀ መንበሩም ሳያነበው ፋይል ውስጥ ከተተው።

ጎመኑ አማረ። አሮጊቷ ለጥቂት ሳምንታት ወንዝ ወርደው አጠቡ። ክረምቱ ገብቶ ዳገቱ ማዳለጥ ሲጀምር ግን ሥራውን ተዉት፤ ጉቴ ከተማ ወደሚኖሩ ዘመዶቻቸው ሊሄዱ ተነሡ። የሚሄዱ ዕለት መኪና ተራው ላይ፣ ጓዛቸውን ሲያስጭኑ አገኘኋቸው።

«ጻፍሽልኝ፣ ልጄ?»

«ጽፌያለሁ» አልኳቸው።

ምን ብዬ እንደጻፍኩ አልጠየቁኝም። ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በቋንቋቸው ረዘም አድርገው መረቁኝ።