ለዘፋኙ የተመታ ጠረጴዛ

ያንን ዘፋኝ ሰውዬ አልወደውም። ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ያለው አፓርታማችን ውስጥ ከኔ በላይ የሚሰማው እሱ ነው። ጠዋት ባሌ ዘፈኑን ከፍቶ ጢሙን ሲላጭ ሰውዬው "ሚ አሞር" ይላል፤ ፍቅሬ ማለት ነው አሉ። ማታ ከሥራ ደክሞኝ ስገባ አሁንም "ሚ አሞር"! ኧረ በቃህ! ለስንቷ ሴት ነው የሚለቀሰው?

ዘፋኙ ኩባዊ ነው፤ ምርጥ ሲጋር ከሚጠቀለልበት ከምዕራቡ ጫፍ። ባሌም አባቱ በሶማሊያ ጦርነት ስለሞቱ በልጅነቱ በመርከብ ተጭኖ ኩባ የሄደ ነው። ያደገው እዚያ፣ ኮሌጅ የገባውም እዚያው ትምባሆ አገር። ሲጋር የምትጠቀልል ወዳጅም ነበረችው። ስለሷ የነገረኝ ገና ሳንጋባ ነው፤ እኔም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እርር ድብን እንዳልኩ አለሁ።

ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ጉድ አመጣ።

"ከእንግዲህ ዊንተሩን እዚያ ነው የማሳልፈው" አለኝ።

"እኔስ?"

"አንቺማ ብርዱን ለምደሽዋል።"

ሰማችሁ? ብርዱ ዘመዴ ነው እንዴ? ይሄድ ይሆን፣ ይቀር ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። አትሂድብኝ ብሎ መለመን ግን ለኔ ሞት ነው።

በዚህ መሀል ዘፋኙ ቶሮንቶ መጣ። ባሌ ሁለት ቲኬት ቡክ አደረገ፤ እኔም ጠላቴን በዓይኔ ልየው ብዬ ተከተልኩት። እራት እየተበላ የሚዘፈንበት አዳራሽ ነው። ሰውዬው አርጅቷል፣ ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። መጨረሻው ላይ ድምፁ እምቢ አለውና ዘፈኑን አቋረጠ። እሰይ! አልኩ በሆዴ። ይሄኔ ባሌ የእራቱን ቢላዋ አንስቶ በጎኑ ጠረጴዛውን ኳ ኳ ያደርገው ጀመር። "ተው፣ ሰው ምን ይለናል!" ብዬ እጁን ብይዘው መነጨቀኝ። ከጥግ አንድ ሽማግሌ ተቀበለው፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ዘፋኙ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ባሌም አለቀሰ። እኔ ስወልድ እንባ ጠብ ያላደረገ ሰው!

መኪና ውስጥ አስረዳኝ። ሲጋር የሚጠቀልሉት ሰዎች ሥራ ላይ እያሉ ጋዜጣና ልብ ወለድ ይነበብላቸዋል። ደስ ሲላቸው በማጨብጨብ ፈንታ ትምባሆ የሚቆርጡበትን ስለት ጣውላቸው ላይ ይመታሉ።

"ካልወደዱትስ?" አልኩት።

"ስለቱን መሬት ይወረውሩታል።"

እሁድ ጠዋት ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "ቡክ አድርጌያለሁ፤ ኖቬምበር ላይ ነው የምሄደው" አለኝ። የማውቀው ስድብ ሁሉ አፌ ላይ መጣ። በስድቡ ፈንታ ቢላዋውን እግሩ ሥር ወረወርኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ገብቶታል። እስከዛሬ በአማርኛ የጮህኩበት ሁሉ ተደምሮ እንዲህ ገብቶት አያውቅም። ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ በውሃ አለቀለቀው፣ እንደያዘው ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። በቀስታም ቢሆን አንዴ ምታው፣ ለኔም አንዴ ምታልኝ፤ በሆዴ እየለመንኩት ነው።

ድምፅ ሳያሰማ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠውና ዘፈኑን ሊከፍት ሄደ።