በማን አሥራ ሁለት ሰዓት

የሞግዚትነት ሥራ የጀመርኩት ዲላ ላይ ነው፣ ጣሊያን ከገባ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ የቡና ወቅት። በመጀመሪያው ቀን ወይዘሮ ደስታ በር ላይ አስቁማ «እጅሽን አሳዪኝ» አለችኝ። ጥፍሬን አየች፤ መዳፌን አገላብጣ አየች። ከዚያ ልጁን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ታምሩ ይባላል፤ ዓመት ከመንፈቁ ነበር። ትክ ብሎ አየኝና ዝም አለ። «አላለቀሰም፤ ግቢ» አለች። ቅጥሬ ይኸው ነው።

በፊቷ «እሜቴ» እላት ነበር። እዚህ ላይ አንቱታውን የተውኩት ዕድሜዬ ስለፈቀደልኝ ነው።

ባሏ አቶ ተሰማ በጣሊያኖቹ ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚ ነበር። ቋንቋውን የት እንደተማረ አላውቅም። እሷ ደግሞ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ትነግድ ነበር። በገበያ ቀን ከካሚዮን ላይ ተጭና ሳይነጋ ወደ ይርጋጨፌ ወይም ወደ አሪቻ ትወጣለች፤ መመለሷ እንደ መንገዱ ጭቃ ነው። እሱም ሹሞቹ ወደ ገጠር ሲወጡ አብሮ ይወጣና አንዳንዴ ሳይመለስ ያድራል። በዚያ ቤት ሞግዚት ከዘበኛው በላይ፣ ከወጥ ቤቷ በታች ትቆጠር ነበር። ምሳዬን የምበላው ወጥ ቤቷ ከጠገበች በኋላ ነው።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ልጅ ያዘለች ሴት አንቀልባዋን ከመፍታቷ በፊት መቀመጥ አለባት፤ ቆማ የፈታች አንድ ቀን ትጥላለች። የአጥሚት ሙቀት በከንፈር ሳይሆን በእጅ አንጓ ይለካል። በክረምት የሽንት ጨርቅ ከምድጃው በላይ በተወጠረ ገመድ ይደርቃል፤ ጭስ የጠጣ ጨርቅ ግን ገላ ያሳክካል፣ ስለዚህ ታጥቦ ይደገማል። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረኝም። የራሴ ልጅ ነበረችኝ።

ብርቄ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ የት እንደነበረ ያን ጊዜ ለጠየቀኝ ሁሉ አልተናገርኩም፤ አሁንም አልናገርም። ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነበር። ቀን ቀን ብርቄን የምትይዝልኝ ጎረቤቴ ሎኮ ናት፤ የጌዴኦ ሴት፣ የእንሰት ማሳ ያላት፣ ባሏ የሞተባት። አማርኛ ስትናገር ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትል ነበር።

ችግሩ የመጣው ከማታው ነው። ከጣሊያኖቹ ካምፕ ጥሩምባ ሲነፋ ሰዓት እላፊ ሆነ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ድልድዩን የሚሻገር ሰው ይያዛል። ወይዘሮ ደስታ ዘግይታ ስትገባ እኔ ወደ ልጄ መሄድ አልችልም። አድራለሁ። የማድረው ግን በደመወዜ ውስጥ ነው ተብሎ ነበር፤ «ተኝተሽ አይደለም እንዴ የምታድሪው» አለችኝ።

በሦስተኛው አዳር ማግሥት ሎኮ ደጃፏ ላይ ጠበቀችኝ። ወደ ማሳዋ ወስዳ ሥሩ ተቆፍሮ የተበላ እንሰት አሳየችኝ። ሌሊት ሌሊት ጃርት የምትጠብቀው ከማሳው ዳር ባለች ጎጆ እያደረች ነው። ብርቄ እሷ ዘንድ ስታድር ግን ልጅቱን ብርድ እንዳይመታት ብላ እቤቷ ውስጥ ትተኛለች።

«ልጅህን እኔ እወዳለሁ» አለችኝ። «ጃርትም እንሰት ይወዳል። እንሰት ደግሞ በአንድ ሌሊት አይበቅልም።»

ዋጋዬን ያወጣሁት ከዚያ ማሳ ውስጥ ቆሜ ነው። እስከዚያ ድረስ የማስበው እነሱ ምን ያህል ይሰጡኛል ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማስበው እኔ እዚያ ሳድር እዚህ ምን ይጎድላል ብዬ ሆነ። ሎኮን ምን ልስጥሽ አልኳት። የጣሊያን ወረቀት ገንዘብ አልፈልግም፣ ወረቀት አይላስም አለች። ለአንድ አዳር አንድ ጣሳ ጨው አለች። ያን ጊዜ ጨው ውድ ነበር፤ እሷ ግን ከተበላው እንሰት አንጻር ብዙ አልጠየቀችም።

ለወይዘሮ ደስታ ነገርኳት። የተነጋገርነው ከቤቷ አጠገብ ባለው የሐጂ ኑሩ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ነው፤ ሐጂ ጨርቅ በክንድ እየለኩ ይሰሙን ነበር። የቀኑ ሥራ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እንዲሆን፣ ከአሥራ ሁለት ካለፈና ካደርኩ ግን ለአዳሩ አንድ ጣሳ ጨው ለብቻው እንዲከፈለኝ ተስማማን። «እሺ፣ ከአሥራ ሁለት ካለፈ» አለች በአፏ። በመግባት ላይ ያለችውን ፀሐይ በአገጯ አሳየችኝ። ያቺን አገጭ አልረሳትም።

ወቅቱ እስኪያልቅ ሰባት ሌሊት አደርኩ። ሎኮ ጨውን ስትጠይቀኝ በወቅቱ መጨረሻ እንከፈላለን እላት ነበር፤ እንደዚያ ነበር የተባልኩት። ልጁ ጥርስ እያወጣ ነበርና ከሰባቱ አብዛኛውን ሌሊት አዝዬው ቆሜ ነው ያነጋሁት።

በመጨረሻው ቅዳሜ ሁለቱም ቤት ነበሩ። ጨውን ጠየቅኩ። አቶ ተሰማ ከደረቱ ኪስ ሰዓቱን አወጣ፤ ጣሊያኖቹ የሰጡት ባለ ሰንሰለት ሰዓት ነው። ከፈተና ወደ እኔ አዞረው።

«አሥራ ሁለት የቱ ጋ ነው?»

ከላይ ነው አልኩ።

«ሁለቱ ጠቋሚዎች እዚህ ሲገናኙ እኩለ ሌሊት ነው። የመንግሥት ሰዓት ይኸ ነው። አንቺ በአሥራ ሁለት ሰዓት ምን ትሠሪ ነበር? ትተኚ ነበር። ለተኛ ሰው አይከፈልም።»

ስምምነታችን ፀሐይ ስትገባ ነው አልኩት። እሱ እዚያ እንዳልነበረ፣ እሜቴ ራሳቸው እንዳሳዩኝ ነገርኩት። ወደ እሷ ዞርኩ። ወይዘሮ ደስታ የልጁን ፀጉር በጣቷ እየከፈለች ቅማል ትፈልግ ነበር። ልጁ ቅማል እንደሌለው ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቀና አላለችም።

ባልየው የሌላ ሰው ሎሌ ነበር፤ ከእሱ ብዙ አልጠበቅኩም። ለእሷ ግን ልጇን በጀርባዬ ተሸክሜላታለሁ።

ስወጣ ሐጂ ኑሩ ሁሉንም በግድግዳው በኩል ሰምተውት ነበር። «ተሰማ ቃል ሲተረጉም ሰው ይታሰራል» አሉ። «ሰዓት ሲተረጉም ደግሞ ሰው ይራባል። አንቺ ግን ልጄ፣ ሰዓቱ የሚዞረው ማታ ብቻ ነው እንዴ? የጠዋቱስ አንድ ሰዓት?»

ሎኮ ጨው እንደሌለ ስነግራት ልጅቷን ማጉረሷን ጨረሰች። ከዚያ «ጨው የለም፤ ልጅ አለ» ብላ ብርቄን ከጭኗ ላይ አነሳችልኝ። በእነዚያ ሌሊቶች አራት እንሰት ጠፍቶባታል። ከዚያ ቀን በላይ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ሰኞ ገበያ ነበር፤ ወይዘሮ ደስታ ሳይነጋ ልጁን ከተኛ አባቱ አጠገብ ትታ በካሚዮን ሄደች። እኔ እንደ ወትሮው በአንድ ሰዓት እንደምገባ አስባ ነው። አንድ ሰዓት ላይ እኔ የሐጂ ኑሩ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

ልጁ ሲነቃ አለቀሰ። ሰማሁት። በኋላ ወይዘሮ ደስታ በከተማው ሁሉ «ልጄን ሜዳ ላይ ጥላብኝ ጠፋች» እያለች አስወርታለች፤ ይህን ወሬ ከልጅ ልጆቿ አፍ ሳይቀር ሰምቻለሁ። ልጁ ከአባቱ ጋር፣ በገዛ ቤቱ፣ ወጥ ቤቷና ዘበኛው ባሉበት ነበር። እኔም በአንድ ግድግዳ ርቀት ነበርኩ። ሲያለቅስ አልገባሁም። ይህን አልክድም፤ ቀላል ነበር ብዬም አልዋሽም።

ከጽሕፈት ቤቱ መልእክተኛ ሁለት ጊዜ መጣ። በሁለተኛው አቶ ተሰማ ልጁን በክንዱ አቅፎ፣ አንቀልባውን በትከሻው አንጠልጥሎ ወጣ። ወጥ ቤቷ ልጅ መያዝ ሥራዬ አይደለም ብላው ነበር። ሞግዚት ከእሷ በታች እንደሆነች ያስተማራት እሱ ራሱ ነው።

ሐጂ የቀትሩን ስግደት፣ ዙሁርን፣ ሰግደው ትንሽ ከቆዩ በኋላ ወደ ቤቱ ሄድኩና በር ላይ ጠበቅኩ። አቶ ተሰማ ሲመለስ ነጭ ኮቱ ከደረቱ እስከ ወገቡ በልጁ ሽንት ርሶ ነበር። ሹሙ በሰው ፊት እንደሳቀበት በኋላ ከመልእክተኛው ሰምተናል።

«በሰባት ሰዓት ትመጫለሽ?» አለኝ። «አሳስርሻለሁ።»

ማሳሰር ይችል ነበር። ስለ ባሌ ለጣሊያኖቹ አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር፤ ብርቄም ለሎኮ ትቀር ነበር። ልጁ ሲያየኝ እጁን ዘረጋ፤ ተቀበልኩትና ቁጭ ብዬ አንቀልባውን ካጠለቅኩ በኋላ ነው የመለስኩለት።

«በጌታው ሰዓት አንድ ነው። አውጥተው ይዩት።»

ሰዓቱን አላወጣም። ሐጂ ኑሩ ከደጃፋቸው ጨርቅ ያራግፉ ነበር፤ ሌሎችም ቆመው ነበር። አቶ ተሰማ ወደ ውስጥ ገባ።

ያልታሰርኩት ስለራራልኝ አይደለም። ወይዘሮ ደስታ በዚያው ሳምንት ወደ ወርቃ ገበያ መውጣት ነበረባት፣ ልጁም ከእኔ በቀር ለማንም አይተኛም ነበር። በነጋታው ጨውን አስለካችልኝ። አምስት ጣሳ ነው። በሁለቱ ሌሊት ልጁ ደኅና ተኝቷል አለችኝ። እንዴት አወቁ እሜቴ፣ እርስዎ ይርጋጨፌ ነበሩ አልኳት። ሁለቱን ጣሳ ሳትሰጠኝ ነው የሞተችው።

ጨውን አነገትኩና ሥራውን ትቼ ወጣሁ። ወደ ወርቃ ስትሄድ ልጁን ማን እንደያዘላትም አልጠየቅኩም። ታምሩ በር ላይ ሲጠራኝ ዘወር አላልኩም፤ ዘወር ብል ኖሮ እቀር ነበር።

ጥሩምባው ሳይነፋ፣ ፀሐይ ሳትገባ የሎኮን ጨው ይዤ ድልድዩን ተሻገርኩ። ብርቄ በሎኮ ደጃፍ ቆማ ነበር። ሮጣ አልመጣችም። እንደማታውቀው ሰው አየችኝና በሎኮ አማርኛ ጠየቀችኝ፦

«አንተ፣ ዛሬም ትሄዳለህ?»

አልሄድም አልኳት። ወደ ሎኮ ዞራ እውነት መሆኑን ጠየቀቻት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ልጆች ይዣለሁ፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላም ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ። አቶ ተሰማም ሹመት አግኝቶ ኖሯል፤ ሲቀበር ብዙ ምስጋና ተነቦለታል። አልሄድኩም።

ልጅ ለመያዝ የምትቀጠሪ ሁሉ፣ ከዋጋው በፊት ሰዓቱ በማን እንደሚቆጠር ተስማሚ። ምስክርም አቁሚ። የአዳርሽ ዋጋ ደግሞ በሰው ቤት ባደርሽበት ሌሊት ከቤትሽ የጎደለው ነው። ሁሉንም አይከፍሉሽም፤ አንቺ ግን ስንት እንደሆነ እወቂው።