ለሁለት የተሸጠ ወንበር

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር ቢኖር ወንድሜ ከእኔ ይልቅ ከእሱ ጋር እንደሚያወራ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለሊድ ሶፍትዌር ኢንጂነር ሥራ የቃለ መጠይቅ ጠያቂ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ምን ላድርግ፣ ሌላ ሰው የለውም!

«የመሐንዲሶቹ አለቃ ማለት ነው፣ እትዬ» አለኝ የመጣለትን የጥሪ ደብዳቤ እያሳየኝ። «ቃለ መጠይቁ ከባድ ነው። ሠላሳ ጥያቄ አትሜልሻለሁ። ፊትሽን ኮስተር አድርገሽ ጠይቂኝ።»

«ኮስተር ማለቱን ለእኔ ተወው» አልኩት።

ባሌ ከሞተ ወዲህ ከወንድሜ ጋር ነው የምኖረው። ሁለት ክፍል አለን፤ የፊተኛው መስፊያዬ ነው፣ የኋለኛውን በመጋረጃ ከፍለን እንተኛበታለን። እሱ አሥራ አንድ ዓመት አንድ የአውቶቡስ ድርጅት ውስጥ ሠርቷል። ትኬት የሚሸጠውን፣ ወንበር የሚመድበውን፣ የተሳፋሪ ዝርዝር የሚያወጣውን ሲስተም የሠራው እሱ ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ምሰሶ» ይሉታል። እሱ ሲጠራበት ደስ ይለው ነበር። እኔን ግን ያናድደኝ ነበር፤ ምሰሶ ምን ዕድል አለው? ቆሞ መቅረት ነው እንጂ።

ያም ሆኖ እኮራበት ነበር፣ መካድ የለብኝም። በየቀኑ፣ እሑድም ሳይቀር፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቶ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ላፕቶፑን ይከፍታል። የመጀመሪያው አውቶቡስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳይወጣ በፊት ይጨርሳል። የዓመት ፈቃድ ወስዶ አያውቅም። የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል የተኛ ጊዜ እንኳ ላፕቶፑን አልጋው ድረስ አስመጥቷል። አንዲት ጥሩ ልጅ ሊያገባ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ለሽርሽር ቀጥሯት ሁለት ጊዜ ቀረባትና «ሚስት ያለውን ሰው አላገባም» ብላ ላፕቶፑን በአገጯ አሳይታው ሄደች። እኔ ሞኟ ደግሞ ለደንበኞቼ «ወንድሜ እንዴት ያለ ትጉህ መሰላችሁ!» እል ነበር።

እናም ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ መጠየቅ ጀመርኩ። የሙያውን ጥያቄ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። እየሳለ፣ ቀስት እያሰመረ ሲያስረዳኝ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ።

«ገባሽ?» ይለኛል።

«እኔ ምን ሊገባኝ! አንተ ብቻ አትደናቀፍ።»

አሥራ አንደኛው ጥያቄ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። «በሥራህ ላይ የሠራኸውን ትልቁን ስህተት ንገረን፤ ምንስ አደረግክ?» ይላል።

«የእኔ ትልቁ ስህተት ሥራ ማብዛቴ ነው» አለ ፈገግ ብሎ።

«ኤዲያ! ይሄንን ለማያውቅህ ንገር። ስትዋሽ ጆሮህ እንደሚቀላ ረሳኸው?»

ጆሮው እውነትም ቀልቷል። ከዚያ የላፕቶፑን ክዳን ቀስ ብሎ ዘጋና ዘጠኝ ዓመት በሆዱ የያዘውን አወጣው።

ትኬት የሚሸጠው በሁለት በኩል ነው፤ በመስኮትና በስልክ። ሁለቱ ዝርዝሮች በየሌሊቱ ይቀላቀላሉ። ያንን የሚቀላቅለውን ክፍል ሲጽፍ ተሳስቷል፤ አንዳንድ ቀን አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው ይሰጠዋል። መጀመሪያ የተፈጠረ ቀን ሁለት ተሳፋሪዎች አውቶቡሱ በር ላይ ተደባድበው የአንዱ ጥርስ ወለቀ። ሥራ አስኪያጁ ጥፋተኛ ሲፈልግ መስኮት ላይ የነበረችውን ትኬት ቆራጭ አገኘ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሸጥኩት» ብላ ማለች፣ አለቀሰች፤ ማን ይስማት? ተባረረች። ወንድሜ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ያወቀው በሁለተኛው ቀን ነው።

«ታዲያ አልተናገርክም?»

«ነገ እናገራለሁ ስል ሳምንት ሆነ፣ እትዬ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ‹እስከ ዛሬ የት ነበርክ?› ሊሉኝ ነው።»

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በእጁ ያርማል። ለሁለት የተሸጠውን ወንበር ይፈልጋል፣ ከሁለቱ ተሳፋሪዎች አንዱን ከየአውቶቡሱ ኋላ ሳይሸጥ ደብቆ ወደሚያስቀረው ወንበር ያዛውራል፣ ከዚያ ዝርዝሩ ይታተማል። ከሥሩ ለማስተካከል ሽያጩ ሁለት ቀን መቆም አለበት። ሽያጭ ለማስቆም ደግሞ ለሥራ አስኪያጁ ምክንያት መንገር ያስፈልጋል።

ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ወረወርኩት። «ዘጠኝ ዓመት! ልጅቷስ ምን ሆነች?»

«አላውቅም።»

«ልጆች ነበሯት?»

«አላውቅም አልኩሽ እኮ!» ብሎ ጮኸ፤ ጮኾብኝ አያውቅም ነበር።

አለቀስኩ። ለልጅቷ አለቀስኩ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ቀድሞ ያሳዘነኝ እሱ ነው። ከአልጋዬ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ታስሮ ሲኖር እኔ ትጋት መስሎኝ ለሰው ሳወራ ኖሬያለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ግን መድኃኒት አገኘሁለት ብዬ ይባስ አሳመምኩት።

ምክንያቱም መልሱን የቆረጥኩለትም የሰፋሁለትም እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ብስጭቴ በረድ ሲል ጠራሁትና እንዲህ አልኩት፤ «ታሪኩን ንገራቸው። ተሳሳትክ፣ በዚያው ቀን ለአለቃህ ተናገርክ፣ ሽያጭ አስቁመህ በሁለት ቀን አስተካከልክ፣ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ጽፈህ አስቀመጥክ። ስለ ትኬት ቆራጯ አንድም ቃል እንዳይወጣህ።»

«ውሸት ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ሥራውን ስታገኝ ሄደህ ትነግራቸውና ታስተካክለዋለህ። ያን ጊዜ እውነት ይሆናል። አሁን ከዚህ ጉድጓድ ውጣ ብቻ!»

አስለመድኩት። የት ጋ ትንፋሽ እንደሚወስድ፣ የት ጋ አንገቱን ትንሽ እንደሚደፋ ሁሉ ነገርኩት። ሃያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም የደጋገምነው። መጨረሻ ላይ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ጆሮው ሳይቀላ ተናገረው። «ጎበዝ!» አልኩት፤ ልቤ ግን ፈራ።

ቃለ መጠይቁ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ በካሜራ። ጨርቆቼን ሰብስቤ ከጀርባው ነጭ አንሶላ ሰቀልኩና የኋለኛው ክፍል ገብቼ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ሦስት ጠያቂዎች ነበሩ። ያ ጥያቄ መጣ፤ ሳይንተባተብ ተወጣው። አንዲት ሴት «እንዲህ በግልጽ ስህተቱን የሚናገር ሰው ብርቅ ነው» ስትል ሰማሁ። በሳምንቱ ሥራው የእሱ መሆኑን ነገሩት። በደስታ ተቃቅፈን እንደ ልጅ ዘለልን።

ለቀድሞው ድርጅት የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ጠዋት ጠዋት ጫማውን እያሰረ «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» ይላል፣ ማታ «ዛሬ ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ነበረበት» ይላል። በመጨረሻው ቀን ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ሸኙት። ሥራ አስኪያጁ «በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አሳፍሮን የማያውቅ ሰው!» ብሎ አቅፎት እንባ ተናነቀው አሉ። ማታ ሲገባ «ነገርካቸው?» ብዬ ጠየቅኩት። የተሸለመውን የምስጋና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍቶ አስቀመጠና ሳይበላ ተኛ።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የፊተኛው ክፍል መብራት በርቶ አየሁት። ሄድኩ። ወንድሜ ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀምጧል።

«ምን ታደርጋለህ?»

«አንድ ሳምንት ብቻ፣ እትዬ።»

ቀድሞ ድርጅቱን በለቀቀና ማንም ስሙን ከሲስተሙ ባልሰረዘው ሠራተኛ የይለፍ ቃል ነበር ወደ አሮጌው ሲስተም የሚገባው። አንድ ሳምንት ያለው አራት ወር ሆነ። ወይ ጉድ! በአዲሱ ቦታ ዘጠኝ መሐንዲሶች ከሥሩ አሉ። አንዳንድ ቀን እቤት ሆኖ ሲሰበስባቸው እሰማዋለሁ፤ «የሠራችሁትን ሁሉ ጻፉ፤ ስትሳሳቱ በዚያው ቀን ተናገሩ፤ ማንም አይቆጣችሁም» ይላቸዋል። በጣም ነው የሚወዱት። ያን ጊዜ የስፌት መኪናዬን ፔዳል አጥብቄ እረግጣለሁ፣ እንዳልሰማው።

«ሂድና ንገራቸው!» አልኩት አንድ ቀን።

«አሁን ብናገር በማን የይለፍ ቃል ገባህ ይሉኛል፤ እስር አለበት። አዲሶቹም ዋሽቶ ገባ ይላሉ።»

«እንግዲያስ ተወው! አንተ ወጥተሃል፣ ምን አገባህ?»

«ብተወው መስኮት ላይ ያለችውን ያባርሯታል።»

መርፌዬን አንስቼ ክር ማስገባት ጀመርኩ።

ባለፈው ወር አዲሱ ድርጅት ለአምስት ቀን ሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ላከው። በሥልጠናው ቤት አራት ሆነው በአንድ ክፍል ነው የሚያድሩት፣ ላፕቶፑን በንጋት የሚከፍትበት ቦታ አልነበረውም። ከመሄዱ በፊት አጠገቤ ተቀመጠና «አፈር ስሆን» አለኝ።

«አብደሃል? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ!»

ግን አስተማረኝ። በትዕግሥት፣ ጣቴን ይዞ፣ አንዴም ሳይሰለች። ቀይ ሆኖ የሚታየው ወንበር ለሁለት የተሸጠው ነው፤ አንዱን ስም ይዘሽ ወደ ኋላ፤ ከዚያ አስቀምጪ። በመጀመሪያው ጠዋት ትቶልኝ የሄደውን ላፕቶፕ ከፈትኩ። አሥራ አራተኛው ወንበር ላይ ሕፃን የያዘች እናትና አንድ ጎልማሳ ተደርበዋል። እናቲቱን ትቼ ጎልማሳውን ወደ ኋላ ላክሁት። ዝርዝሩ ሲታተም፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ልናገረው፣ ደስ አለኝ። አምስቱንም ቀን እንዲሁ አለፍኩ።

ቅዳሜ ማታ ተመለሰ። እሑድ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኔ በራሱ ተገለጠ። ወንድሜ ግን ተኝቷል፤ እያንኮራፋ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ያ ሁሉ መሸብሸብ ከግንባሩ ላይ ጠፍቶ። ልቀሰቅሰው ትከሻው ላይ እጄን አሳረፍኩ። ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላው።

አልቀሰቀስኩትም። ብርድ ልብሱን ከፍ አድርጌ አለበስኩትና ሄጄ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜ ጠዋት ጠዋት ይተኛል። ስለዚህ ነገር አውርተን አናውቅም።

ትናንት አንዲት ደንበኛዬ «ልጄ ልትዳር ነው፤ ሦስት ቀን መጥተሽ እዚያው እየሰፋሽ ብታድሪልን?» ብላ ለመነችኝ። «አይመቸኝም፣ የጠዋት ሥራ አለብኝ» አልኳት።