ክፍት መደርደሪያ

በ1975 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ቢቸና ውስጥ የታሪክ አስተማሪ የነበረችው ሀብትነሽ አካለ ወልድ በአንድ ስብሰባ ላይ እጇን አወጣች። ተማሪዎቹ ለእንግዳ አቀባበል መዝሙር እንዲለማመዱ እየተባለ ከክፍል ወጥተው ፀሐይ ላይ ሲገተሩ መሰንበታቸው አላስቻላትም።

«እንግዳው የሚመጡት ትምህርት ቤት ሊያዩ ከሆነ፣ ሲማሩ ቢያገኟቸው አይሻልም ወይ?» አለች።

ብዙም ሳይቆይ የዝውውር ደብዳቤ ደረሳት፤ ቦታው ሞጣ፣ ሥራው ቤተ መጻሕፍት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው መምህር አልነበረም። ጠመኔውን የተነጠቀ ሰው የሚወሸቅበት ጥግ ነው። የቅኔ መምህር የሆኑት አባቷ መሪጌታ አካለ ወልድ ብቻ ደስ አላቸው።

«እንደ ደብር ዕቃ ቤት ጠባቂ ሾሙሽ በይኛ! መጽሐፍ መጠበቅ ትልቅ ሹመት ነው፣ ልጄ።»

«እኔስ ጠባቂ አልሆንም፣ አባባ» አለች ሻንጣዋን እየዘጋች።

ሞጣ ስትደርስ ያገኘችው አንድ ሰፊ ክፍልና በቁልፍ የተከረቸሙ ቁም ሳጥኖች ነበር። ተማሪ በመስኮት በኩል ቆሞ የመጽሐፍ ስም ይናገራል፤ ካለ ይወጣለታል። ርእሰ መምህሩ አቶ ቀለሙ ቁልፉን ሲያስረክቧት «አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» አሏት። መስኮቱ ጋ የሚመጣ ሰው ግን እምብዛም አልነበረም። አይቶት የማያውቀውን መጽሐፍ ስም ከየት አምጥቶ ይጥራ?

እርሷም ብትሆን ሥራውን አታውቀውም። መጻሕፍቱን በቁመታቸው ደረደረቻቸው፤ አላማራትም። በቀለማቸው ደረደረቻቸው፤ በራሷ ሳቀች። በዚያው ዓመት ክረምት ባሕር ዳር ላይ የቤተ መጻሕፍት ሥልጠና እንዳለ ስትሰማ ይላኩኝ ብላ ወደ አቶ ቀለሙ ቢሮ ገባች።

«ለግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ይሻላል» አሉ አቶ ቀለሙ። «አንቺ እዚያ የተቀመጥሽው ለጊዜው ነው።»

«ለጊዜው ከሆነ ወደ ክፍሌ ይመልሱኝ። ካልሆነ ደግሞ ሥራውን ልማረው።»

አቶ ቀለሙ ወደ ወረቀታቸው ሲመለሱ በቀጥታ ወደ አውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደች፤ ኃላፊው እስኪፈርሙላት ድረስም ከበራቸው አልተነሣችም። መንገዱ ጭቃ ነበርና አውቶቡሱን ከተሳፋሪዎቹ ጋር እየገፋች ባሕር ዳር ገባች።

እዚያ መጽሐፍን በትምህርት ዓይነት መለየት፣ ቁጥር መስጠት፣ ካርድ ማዘጋጀት ተማረች። የለወጣት ግን ሌላ ነገር ነው። አሠልጣኟ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ለየትምህርት ቤታችሁ የሦስት ዓመት ዕቅድ አውጡ ብለው አዘዙ። ሀብትነሽ ገጽ ሙሉ ጻፈች፤ ስንት መጽሐፍ፣ ስንት መደርደሪያ፣ ስንት ወንበር። ሴትዮዋ አነበቡትና መለሱላት።

«መጽሐፉን ጽፈሽዋል፤ ልጆቹ የታሉ? መቼ ነው የሚመጡት? የማይመጡትስ ለምን ይሆን የማይመጡት?»

ሞጣን በዓይነ ሕሊናዋ አየቻት። ሴቶቹ ልጆች የመውጫ ደወል ሲደወል ውኃ ሊቀዱ ይሮጣሉ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ የሚከፈተው ከደወል በኋላ ነው። ለካ ለእነርሱ ተከፍቶም አያውቅም። ዕቅዷን ቀድዳ እንደገና ጀመረች።

በመስከረም የቁም ሳጥኖቹን መዝጊያ አንድ በአንድ ፈትታ አወረደች። ክፍሉን በምሳ ሰዓት ከፈተችው። ልጆቹ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆመው ተሳሳቁ፤ ከዚያ ገቡ፤ ከዚያ መቀመጫ ጠፋ።

አቶ ቀለሙ ዕቅዱን ሳያነቡ ገፋ አደረጉት። «ዕቅድ የሚወጣው ከላይ ነው፣ ጓድ ሀብትነሽ።»

«ከላይ ያሉት እዚህ መሬት ላይ ተቀምጦ የሚያነብ ልጅ እንዳለ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ።»

ዓመቱ እንዲህ በጭቅጭቅ አለቀ። የጠፉ መጻሕፍትም ነበሩ፤ አልደበቀችም። «ተሰርቀው ከሆነ ሞጣ ውስጥ እየተነበቡ ነው» ብላ ለመምህራን ስብሰባ ተናገረች።

ከዚያ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል መጣ። የከተማው ካድሬ ጓድ ታዘበው ሰዎች አስከትሎ ወደ ክፍሉ ገባና ክፍሉ ለበዓሉ ሥዕሎች ኤግዚቢሽን እንደሚፈለግ ነገራት።

«ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ስቀሉት። መጽሐፉ ከመደርደሪያው አይነሣም።»

«ይህ ያስጠይቅሻል።»

«ይጠይቁኛ! መልስ አለኝ።»

የቻለችውን ሁሉ ብትልም መጻሕፍቱን አንሥተው ግምጃ ቤት ቆለሏቸው። ኤግዚቢሽኑ አበቃ፤ ክፍሉ ግን ቢሮ ሆኖ ቀረ። ያን ቀን አለቀሰች። በማግስቱ ግን የግምጃ ቤቱን ሠራተኛ ለምናም ተቆጥታም አስከፈተችና በሁለት ቅርጫት መጻሕፍት ይዛ ወደ ሰባተኛ ክፍል ገባች። የአማርኛው መምህር ከክፍለ ጊዜው ቀንሶ ሰጣት፤ የጂኦግራፊዋ ተከተለች። ቤተ መጻሕፍቱ በእግሩ መሄድ ጀመረ።

ጓድ ታዘበው አስጠራት። «ማን ነው ከኋላሽ ያለው?»

«ልጆቹ ናቸው። ቅርጫቱን ስሸከም ከኋላዬ ይሰለፋሉ፤ መጥተው ይዩዋቸው።»

ሲያስፈራራት ቢውልም ለቀቃት። ወሬው ወላጆች ዘንድ ደረሰ። የወላጅ ኮሚቴዋ ይርጋነሽ ገበያ ውስጥ ጨው የምትሸጥ፣ አንደበቷ ስል የሆነ ሴት ነበረች። ሴት ልጇ በምሳ ሰዓት ታነብ እንደነበር ታውቃለች።

«ክፍሉን ከወሰዱት እኛ ሌላ እንሠራለን» አለች። «መሬቱ የትምህርት ቤቱ፣ እንጨቱ የእኛ። ማን ሊከለክለን?»

ከቤተ ክርስቲያኑ ሰፈርም ከመስጊዱ ሰፈርም ባሕር ዛፍ መጣ። ጭቃው ተቦካ፣ ግድግዳው ተመረገ። አቶ ቀለሙ ፈቃድ አልሰጡም፤ ግን ያን ሁሉ ወላጅ ፊት ለፊት ተጋፍጠው ውጡ ማለትም አልሆነላቸውም። ቢሯቸው ተቀምጠው በመስኮት አዩ።

ክፍሉ ቆርቆሮ እንደለበሰ ሀብትነሽ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ተጠራች። ኃላፊው ወንበር ስበው አስቀመጧት።

«የምሥራች። ወደ ቢቸና፣ ወደ ታሪክ ማስተማርሽ ትመለሻለሽ። አባትሽም እየደከሙ ነው አሉ።»

ቢቸና ዓይኗ ላይ መጣ። የአባቷ መድከም አሳሰባት። ግን ይህ ምሥራች ከአቶ ቀለሙና ከጓድ ታዘበው አፍ እንደወጣ ገብቷታል።

«ስመጣ ቅጣት ነበር» አለች። «አሁን ደግሞ መሸኛ ነው። አልሄድም።»

«ዝውውር እኮ በፍላጎት ብቻ አይደለም!»

«እንግዲያው በግድ ይጻፉት፤ ምክንያቱንም አብረው ይጻፉበት። ወላጆቹ ሲጠይቁኝ አሳያቸዋለሁ።»

ኃላፊው ብዕራቸውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት።

«ወደ ሥራሽ ሂጂ» አሏት በመጨረሻ።

ወጣችና ወደ ገበያ አቀናች። ለመደርደሪያው ምስማር አልቆ ነበር፤ አናጢው እየጠበቃት ነው።