ሳይከፈት የቀረው ቦይ

ከወልድያ የተነሳሁት ጠዋት ነው፣ ብቻዬን። ለዓመታት አብሮኝ አፈር ሲቆፍር የኖረው ባልደረባዬ ተዛውሯል። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት የማላውቃቸው ሰውዬ እስከ ሲሪንቃ አንቀላፉ። የምሄደው ሀብሩ ውስጥ ካለ አንድ ረግረግ አፈር ለማምጣት ነበር። የረግረጉ ግማሽ ውሃው በቦይ ወጥቶ ሽንኩርት ይመረትበታል፤ ቀሪው እንደ ድሮው ፊላ የሚባለው ረጅም የውሃ ሣር የበቀለበት ነው። የትኛው አፈር ይበልጥ ካርቦን እንደሚያጣ ማወዳደር ፈልጌያለሁ።

መርሳ ላይ ሽሮ በላሁ፤ የማወጋው ሰው ስላልነበረ ቶሎ ጨረስኩ። ከዚያ ባጃጅ ያዝኩ፤ መንገዱ ሲያልቅ በእግር ቀጠልኩ።

ረግረጉ ዳር

ፊላው ያለበት መሬት የወይዘሮ ዘነቡ ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ከተማ ናቸው። የአፈር መሰርሰሪያዬን አይተው፣

«ውሃ ልታወጪ ነው?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ አፈሩን ላየው ነው» ስላቸው ተከተሉኝ።

ከፊላው ሥር ያወጣሁት አፈር ጥቁር ነው፤ ሲጨብጡት እንደ ስፖንጅ ውሃ ይተፋል። የሽንኩርቱ ማሳ አፈር ግን እጄ ላይ ዱቄት ሆነ። ማሳው ራሱ ከፊላው መሬት እስከ ጉልበት ዝቅ ብሏል።

«ይኼ ለምን ሰመጠ?» አሉኝ ማሳውን እያዩ።

«ውሃ ውስጥ ያለ ሥር ቶሎ አይበሰብስም፤ ለብዙ ዘመን ይከማቻል። ውሃው ሲወጣ አየር ይገባና ይበሰብሳል፤ ካርቦኑም ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። መሬቱ እያለቀ ነው።»

ከዚያ የባላቸው የወንድም ልጅ ሞላ በማግስቱ ቦዩን ከሽንኩርቱ ማሳ ወደ እሳቸው መሬት ሊያሳልፍ እንደሆነ ነገሩኝ። ሌላውን ማሳቸውን ምርቱን እኩል እየተካፈለ የሚያርስላቸው እሱ ነው።

«የእኔም እንዲህ ይሆናል?»

«መጀመሪያ ጥሩ ያበቅላል። በኋላ ይሰምጣል።»

በማግስቱ

መርሳ አድሬ ስመለስ ሞላ አካፋ ይዞ መጥቷል። ወይዘሮ ዘነቡ ወሰናቸው ላይ ቆመዋል።

«ሞልዬ፣ ቦዩ እዚህ ጋ ይብቃ።»

«ለዚህ ጭቃ ብለው ነው?»

«ፊላውን አጭጄ እሸጣለሁ። መሬቱ ይቆይ።»

«እንግዲያው የሚያርስልዎት ይፈልጉ» አለና አካፋውን አንስቶ ሄደ። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም።

እሳቸው እስኪርቅ ድረስ አዩት። «ደጄን የሚረግጥ እሱ ብቻ ነበር» አሉ።

እኔ አፈሬን ይዤ እሄዳለሁ፤ የተናገርኩት ያመጣው ነገር ግን ከእሳቸው ጋር ይቀራል።

ወልድያ

ቤቴ ገብቼ የአፈር ከረጢቶቹን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። አፈሩ ካርቦኑን እንዳያጣ ውሃው መቆየት አለበት ብዬ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ። ውሃውን የሚያቆየው ሰው ምን እንደሚያጣ የተማርኩት በዚህ ጉዞ ነው። ሰንብቼ ለወይዘሮ ዘነቡ ደወልኩላቸው።

«ሞላ መጣልዎት?»

«አልመጣም።»

«ውሃውስ?»

«ውሃው አለ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «እኔም አለሁ።»