የአባቷን ስም የያዘው ሰሌዳ

የምሥራች የተበጠሰ መረብ እየቋጠረች ነበር። አንዱን ጫፍ ከበሩ እጀታ አስራ፣ ሌላውን በጉልበቷ ይዛ፣ ቀዳዳውን በሲባጎ ትደፍናለች። ታሠለጥንበት የነበረውን ኮሌጅ ከለቀቀች አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናትም፣ እዚህ በሰው አገር የሰፈራችን የሳውዝ ሲ ልጆች መረብ ኳስ እንዳይቋረጥባቸው ትጠግናለች። እኔ ጎረቤቷ ነኝ። በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፣ በነጥብ መመዝገቢያ ወረቀት ጀርባ።

ያን ቀን ዋፉላ የሚባል የኮሌጁ ሰው፣ አድራሻዋን ከአሮጌ ፋይል አግኝቶ መጣ። በአዲሱ የስፖርት አዳራሽ በር ላይ የመጀመሪያው የሴቶች ቡድን አሠልጣኝ ስምና ፎቶ ያለበት ሰሌዳ ሊሰቀል ነው አለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሰውየውን አላመንኩትም። እሷን ትቶ ግድግዳውን ያያል።

«ማማ፣ ባለቤትዎ በሕይወት አሉ?» አላት።

የምሥራች አግብታ አታውቅም።

ስትቀጠር ፎርሙ የቤተሰብ ስም ሲጠይቃት፣ ሁላችንም እንደምናደርገው የአባቷን ስም ሞልታ ነበር። በስድስት ልጆችና ከልብስ ማስጫ ገመድ በሠራችው መረብ ጀምራ፣ አሥራ አንድ ዓመት ስታሠለጥን በመዝገብ «አሠልጣኝ ገብረመድህን» ብቻ ነበረች። የሚያውቋት አለቆች አለፉ፤ አዲሶቹ ወንድ አደረጓት። አባቷ አቶ ገብረመድህን ደብረ ብርሃን ወፍጮ ቤት ነበራቸው፤ ኳስ ሲነኩ ያያቸው የለም።

አልበሟን አወጣች። ዋፉላ በቡድኑ መሀል የቆመውን ወንድ በጣቱ ነካና አሠልጣኙ እሳቸው ናቸው ወይ አለ። የአውቶብሱ ሾፌር ነበር። እሷ ዳር ቆማለች፤ ፊቷን ጥላ ሸፍኖታል።

ስሟ ከነአባቷ የተጻፈበትን ፓስፖርቷን አሳየችው። አገላብጦ አየውና ፊቱ በራ።

«እንግዲያው አሠልጣኙ አባትዎ ነበሩ።»

የምሥራች ሳቀች። «ሆን ብሎ ነው» አልኳት እኔ በአማርኛ።

«ተይ እትዬ፣ አልገባውም እኮ ነው» አለችኝ። እጇ ግን መረቡ ላይ ቀርቷል።

አልበሙን ልውሰድ ሲል ጠርዙን ይዤ አልለቀቅኩም። በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ ያነሳው ያንኑ ሾፌሩ ያለበትን ነው። ሜዳ ላይ ስታሠለጥን የሚያሳይ ፎቶ ካመጣች እናያለን ብሎ ሄደ። ሰሌዳው በሚቀጥለው ወር ይታተማል።

እሷ ያሠለጠነቻችሁ ልጆች፣ ዛሬ እዚሁ ከተማ ኪሌሌሽዋም ሁኑ ሌላ አገር፣ የምሥራች ፊሽካ አንገቷ ላይ አድርጋ የተነሳችበት ፎቶ ካላችሁ ፈልጉልኝ። ለኮሌጁ ግን አትስጡ፤ መጀመሪያ እኔ እጅ ይግባ።